ለምርመራ የሄደው ገብስ

በዚያ ዓመት ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እግር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ደጅ እግር፣ ምንጭ ስንወርድ እግር፣ ለቅሶ ላይ ሳይቀር እግር። የእገሌን እግር ያቃጥለዋል፣ የእገሊት ባል ጣቱ ደንዝዟል፣ ማዶ ያለችው ሴትዮ መቆም አቅቷታል። እኔ ከገነተ ማርያም ወደ ደጋው ከተዳርሁ ገና ብዙ አልቆየሁም፤ በልቤ፣ እነዚህ ደገኞች ብርዱ ነው ነገር የሚያስፈጥራቸው እያልሁ እስቅ ነበር። ሳቄ ብዙም አልከረመ። ተራው እኛ ቤት ደረሰ።

ባለቤቴ አንድ ቀን ከእርሻ ገብቶ፣ ማንንም ሳያነጋግር ቀኝ እግሩን ገበቴ ውሃ ውስጥ ነከረ። ምነው ስለው፣ እሳት ረግጬ የቆምሁ ያህል ይለበልበኛል አለኝ። ጎንበስ ብዬ ብነካው እግሩ እንደ ምንጭ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እሱ ተቃጠልሁ ይላል፣ እጄ ደግሞ በረዶ ነው ይለኛል። ማንን ልመን? ግራ መጋባቴ የጀመረው ከዚያች ገበቴ አጠገብ ነው፤ እውነቱን ልናገርና እስከ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

በቤቱ ሦስት ነበርን፤ እሱ፣ እኔና እናቱ። አማቴ ባላቸው በወጣትነታቸው ሞተውባቸው ይህን አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ደርግ መሬት ለአራሹ ብሎ ካወጀ ወዲህ የያዝነው መሬት የራሳችሁ ነው ተብለናል። ደግ ነው፤ ግን እርፍ የሚጨብጥ ሌላ ወንድ በቤታችን የለም። አራሹ ካልቆመ መሬቱ ለአራሹ ቢሆን ለባላባቱ ምን ይጠቅመናል? ስለዚህ ስነሣም ስተኛም የማስበው ያንን አንድ እግር ነበር፤ ይተርፍ ይሆን ወይስ አይተርፍም።

አማቴ ምች ነው አሉና ዳማከሴ ጨምቀው አሹት። ጎረቤት ደግሞ መተት ነው አለ፤ ማን ለምን እንደመተተበት ሲጠየቅ ግን ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞራል። የገበሬ ማህበራችን ሊቀመንበር ነፍሱን ይማረውና፣ ነገሩን ሁሉ ከአብዮት ጋር ሳያገናኝ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። አድኃሪዎች ምንጩን መርዘውት ሊሆን ይችላል ብሎ በስብሰባ ላይ ተናገረና ምንጩን የሚጠብቅ ዘበኛ አቆመ። ዘበኛው ራሱ እያነከሰ ነበር ወደ ጥበቃው የሚወርደው። እኛም ከዚያው ምንጭ እየቀዳን መጠጣታችንን አልተውንም፤ ሌላ ምንጭ ከየት ይምጣ?

የንስሐ አባታችን ሲጠየቁ ጠበል ይሻለዋል አሉ። ስለዚህ ባለቤቴን በቅሎ ላይ አስቀምጠን ወደ ገነተ ማርያም ወረድን፤ እናቴ ቤት አርፎ ሲጠመቅ ከረመ። እግሩ ሞቀ። ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ እኔው ራሴ ነክቼዋለሁ። ስንመለስ የመንገዱን እኩሌታ በእግሩ ነው የሄደው። ጠበሉ አዳነው ብለን እግዚአብሔርን አመሰገንን። እናቴ ግን ስትሸኘኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ጠበሉስ ጠበል ነው፣ ነገር ግን እዚህ የበላው የኔን ጤፍና የኔን አተር ነው፣ የዚያን አገር ገብስ እስኪ ልብ ብለሽ እዪው አለችኝ።

ምላሴ መቼ አርፎ ያውቃል፤ ቤት እንደገባሁ እንዳለ ተናገርሁት። አማቴ ጎታቸው በባላጋራ የተሰደበ ያህል ተቆጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀጥታ አያናግሩኝም፤ የሚሉትን ለምሰሶው ነው የሚነግሩት። «ምሰሶ፣ ውሃ አልቋል» ይላሉ፣ እኔ እንስራዬን አንሥቼ እወጣለሁ። «ምሰሶ፣ የሰው አገር ሰው እህላችንን ናቀው» ይላሉ፣ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። በዚህ መሀል የባለቤቴ እግር ተመልሶ ቀዘቀዘ። አማቴ ጠበሉን ቶሎ ትታችሁት ነው አሉ። እናቴ ገብሱ ነው ብላ ላከች። እኔ ሁለቱ መሀል ቆሜ ጨው እንደበዛበት ወጥ የሚነካኝ አጣሁ።

እውነቱን ለመናገር የዚያ ዓመት ገብስ መልኩ ደስ አይልም ነበር። ዝናቡ ያለ ጊዜው ወርዶ ማሳውን ሁሉ ስናር ወርሶታል። ስናር ገብስ የመሰለ ሣር ነው፤ ሳይዘሩት ከገብሱ ጋር ይበቅላል፣ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ዘመን ሲከፋም ከገብሱ ጋር ይበላል። በዚያ ላይ ስናሩ የአይጥ ኩስ የመሰለ ጥቁር ፍሬ ነበረበት። ሁላችንም አይተነዋል። እህል በጎደለበት ዓመት ጥቁር ነው ነጭ ነው ብሎ ማን ይመርጣል? አብሮ ይቆላል፣ አብሮ ይፈጫል፣ ይበላል።

የጤናው ሰው የመጣው ያን ጊዜ ነው። ከላሊበላ ጤና ጣቢያ በበቅሎ የተላከ፣ ለስላሳ አነጋገር ያለው ሰውዬ ነበር። የሕዝቡ ምግብና ውሃ ጤናማ መሆኑን መቆጣጠር ሥራዬ ነው አለን። እኛ መንግሥት ግብር ሲቆጣጠር እንጂ ቂጣ ሲቆጣጠር አይተን አናውቅም። ከተማ ላይ ሥጋ ቤቱንና ጠጅ ቤቱን እየዞረ እንደሚያይ፣ ቆሻሻ ሆኖ ያገኘውንም እንደሚያዘጋ ሲናገር ደነገጥሁ። ታዲያ የኔን ምድጃ ሊያዘጋ ነው የመጣው? አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶችም እንደኔ ሳይሆኑ አልቀሩም፣ ነጠላቸውን ደጋግመው አጣፉ።

ሰውዬው ግን ማንንም አልተቆጣም። ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የታመመውን እግር ሁሉ አንድ በአንድ እየነካ አየ። ምን ትበላላችሁ ሲል ሁሉም ገብስ አለው። ምንስ ትጠጣላችሁ ሲል የገብስ ጠላ ተባለ። ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ከየቤታችሁ የምትበሉትን ገብስ ናሙና ስጡኝ አለ፤ ናሙና ማለቱ ለማየት የምትበቃ ትንሽ እህል ማለቱ ነው። ወደ ደሴ ይሄዳል፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ እዚያ ላቦራቶሪ የሚባል የምርመራ ቤት አለ፣ በትልቅ መነጽር ያዩታል። መልሱ እስኪመጣ ገብሱን ባትበሉት ይሻላል ሲል አንድ ሽማግሌ፣ ታዲያ ምን እንብላ ልጄ ብለው ጠየቁት። መሬት መሬቱን አየ። እህሉ ውስጥ ምን እንደሚፈልግም አልነገረን፤ ኋላ ሳስበው እሱም ያን ጊዜ ገና አላወቀውም።

ወደ ኩልመስክ በኩል ያሉትን መንደሮች አይቶ ሲመለስ እህሉን እንደሚወስድ ነግሮን ሄደ። ጀርባውን እንደሰጠን ሊቀመንበሩ ተነሥቶ፣ ይህ ገብስ አዲስ አበባ መንግሥት ፊት የሚቀርብ ነውና ማህበራችንን እንዳታሰድቡ ብሎ አስጠነቀቀን። እሱ ባይናገርም ያው ነበር። በኛ አገር ለቤተ ክርስቲያንና ለእንግዳ የሚሰጥ እህል ሳይለቀም ከቤት አይወጣም። ለመገበሪያ የሚሄደው ስንዴ ፍሬ በፍሬ ይታያል። ለእንግዳ ግርድ ሰጠች የተባለች ሴት ልጇን የሚያገባላት አታገኝም። እንኳንስ መንግሥት በመነጽር ያየዋል ተብሎ!

አማቴ በዚያን ቀን ምሰሶውን ትተው እኔኑ አናገሩኝ። ከጎታው ቀዱና፣ ነይ እስኪ፣ የኔን ገብስ አዲስ አበባ ይየው አሉኝ። ሰፌድ ሰፌዳችንን ይዘን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ስናሩን በጣታችን እየለቀምን አወጣን፣ ጥቁሩን አወጣን፤ አማቴ አበጠሩት፣ ደግመው ለቀሙት። ለናሙና አንዲት ጣሳ ነበር የሚበቃው፤ እሳቸው ግን የእንግዳ እህል አይቆነጠርም ብለው ብዙ ቀድተዋል። ወገቤ ተቆረጠ። ብሽቅ ብዬ፣ እማማ፣ መንግሥት ስናር አይቶ አያውቅም እንዴ ብላቸው፣ እናትሽ ቤት እንዲህ ነው የሚያስተምሩት ብለው ኩም አደረጉኝ። ደጅ ብወጣ ከየቤቱ የሚሰማው የሰፌድ ድምፅ ብቻ ነው። ሁሉም እየለቀመ ነበር።

ስንጨርስ ገብሱ ዓይን ይስባል፤ አንድ ጥቁር ፍሬ የለበትም። ግርዱ፣ ስናሩም ጥቁሩም፣ በሌላ ሰፌድ ተከምሯል። ልደፋው ብድግ ስል አማቴ እጄን ያዙኝ። በዚህ ዓመት እህል ይደፋል እንዴ ልጄ አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ራሱ ብርቅ ሆነብኝ። ሰፌዱን ተቀብለው ግርዱን መልሰው ጎታው ውስጥ ገለበጡት፣ ከቀረው ጋርም በእጃቸው አማሰሉት።

የጤናው ሰው ተመልሶ የየቤቱን እህል በትንንሽ ከረጢት ተቀበለ። ንጽሕናውን አይቶ ጎሽ አለ፤ አማቴ ያቺን ጎሽ እንደ ሽልማት ይዘዋት ዋሉ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ባለቤቴ መልሱ እስኪመጣ ገብስ አልቀምስም አለ፣ እናቴም በዘመድ አህያ ጤፍና አተር ላከችለት። እኔና አማቴ ገብሳችንን እየበላን እሱን ከናቴ እህል እናበላዋለን። እግሩ ቀስ በቀስ ሙቀት ገባው፤ ዱላ ይዞ ደጅ ድረስ መውጣት ጀመረ። አማቴ ግን ልጃቸው ከምራታቸው እናት ጎታ ሲመገብ ማየቱ ከእግሩ ሕመም ይብስባቸው ነበር። እኔ ፈጥሬው አይደለም፤ ለምሰሶው ሲነግሩት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊቀመንበሩ ሕዝቡን አቆመና መልሱ ከከተማ እንደተላከለት ተናገረ። የማህበራችን ገብስ በአዲስ አበባ ላቦራቶሪ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኗል፣ አንዳች ነገር አልተገኘበትም፣ ያለ ስጋት ይበላ። ሰው አጨበጨበ፣ ሴቶች እልል አሉ። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ዞር ብለው አዩኝ።

እኔ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። እህሉ ንጹሕ ከሆነ እግሩ ምን ነካው? ያሞቀው ጠበሉ ከሆነስ አሁን ያለ ጠበል እንዴት ሞቀ? ሦስታችን ካንድ ጎታ ስንበላ እሱን ብቻ ለይቶ የመታው ምንድን ነው? አንዱን ስቋጥር ሌላው ይፈታብኛል። ምንጭ ላይ ሴቶቹን ብጠይቅ አንዷ ብርዱ ነው፣ ሌላዋ ዕድሉ ነው አለችኝ። በመጨረሻ ደከመኝና ተውሁት። እናቴ በዓይኗ ነው ያየችው፣ መንግሥት በመነጽር ነው ያየው። መንግሥት ንጹሕ ነው ካለ እኔ ማን ነኝ?

የዚያን ዕለት አማቴ ገብስ ቆሉ፣ በሶ ፈጩ፣ ቅቤ አንጥረው ለወሱለትና በእጃቸው አጎረሱት። ለደከመ ሰው ከበሶ የሚበልጥ የለም፤ ይህን እናቴም አትክድም። ጠዋት በሶ፣ ማታ ቂጣ፣ በመሀል ቆሎ። ከሁላችን የበለጠ ድርሻ ለሱ ነው፣ ቶሎ ጠንክሮ እርሻ እንዲወጣ። እሱም ከብዙ ጊዜ በኋላ ያገሩን እህል አግኝቷልና ጥርግ አድርጎ ይበላል።

እግሩ መልሶ ማቃጠል ጀመረ፤ ከፊተኛው የባሰ። ጥርሱን ነክሶ ያቃስታል፣ ውሃ አምጡልኝ ይላል፣ ውሃው ደግሞ አያበርድለትም። ሕመም ሊወጣ ሲል ነው የሚጠናው አሉ አማቴ፤ በሶውንም ጨመሩለት። ከዚያ አንድ ጠዋት ተነሥቶ አሁንስ አያመኝም አለን። አማቴ እዚያው ምድጃው አጠገብ ሰገዱ። እኔም እፎይ አልሁ። በሶው ሠራ ተባብለን ተያየን፣ ሳቅን፣ ኩርፊያችን ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያን ጠዋት ሴትዮዋን እንደ እናቴ ነበር የወደድኋቸው።

እግሩን ላጥብለት ብዬ ገበቴውን አቅርቤ ያዝሁት። ትልቁ ጣቱ ጠቁሯል። ጭቃ መስሎኝ በጣቴ ፈተግሁት፤ አልለቀቀም። ጠንከር አድርጌ ፈተግሁት።

«ያምሃል?» አልሁት።

«እየነካሽኝ ነው እንዴ?» አለኝ።

የጤናው ሰው እንደገና ሲመጣ ጥቁረቱ እግሩን አጋምሶት ነበር። ቤት ገብቶ አየና በርጩማው ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱን ሳየው እሱም እንደኔ ግራ ገብቶታል። ወደ ኩልመስክ በኩል ሲያልፍ ካንድ አውድማ ላይ በገዛ እጁ ዘግኖ የወሰደው ገብስ ነበር። እዚያ ውስጥ ነገሩ ተገኝቷል አለን። ስናሩ ላይ የሚበቅል ጥቁር ሻጋታ ነው፣ ደም ሥርን እያጠበበ ደም ወደ እግር እንዳይወርድ ያደርጋል፣ እግር ሲደርቅ ይጠቁራል። የኛ መንደር ገብስ ግን ከሁሉ ንጹሕ ሆኖ ነው የተገኘው፤ እግር የጠቆረው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ እኛ ዘንድ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል አለ፣ እኛን እየጠየቀ ይሁን ራሱን አልለየሁም። ከዚያ ጎታውን ልየው አለ።

አማቴ ቅር እያላቸው የጎታውን አፍ ከፈቱለት። እጁን እስከ ብብቱ ከቶ ዘገነና ወደ በሩ ብርሃን ሄዶ መዳፉን ዘረጋ። ስናሩና ጥቁሩ ገብሱን ሸፍኖታል።

«የሰጣችሁኝ ከዚህ ነው?» አለ።

አማቴ እንደተሰደቡ ቆጠሩት። «ምን በወጣኝ» አሉ። «ለመንግሥት እንዲህ ያለ ግርድ እሰጣለሁ? ፍሬ በፍሬ ለቅሜ፣ አበጥሬ ነው የሰጠሁዎ። አገሩ ሁሉ እንደዚያው ነው ያደረገ።»

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አስረዳቸው፤ አዲስ አበባ ያሉት የሚፈልጉት ያንኑ ተለቅሞ የወጣውን ነበር። ቆሻሻውን ነበር የፈለግነው እማማ አላቸው፤ እንዳትለቅሙት ሳልነግራችሁ መሄዴ የኔ ጥፋት ነው አለ። የምቆጣው ሰው ፈለግሁ። እሱን እንዳልቆጣ ጥፋቴ ነው ብሏል። ሊቀመንበሩን እንዳልቆጣ እሱ ባይናገርም ለቅመን ነበር። እህል ማክበር፣ እንግዳ ማክበር ኃጢአት ነው እንዳልል ያደግሁት በሱ ነው።

«ግርዱንስ ምን አደረጋችሁት?» ብሎ ጠየቀ።

አማቴ ጎታውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ መደቡ ላይ የተዘረጋውን የልጃቸውን እግር አዩ። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት፤ እንዲያ ያለ ፊት ጠላቴም ላይ አያሳየኝ። «ፍሬውን ለመንግሥት፣ ግርዱን ለልጄ» አሉ፣ ለኛም ለምሰሶውም ሳይሆን እንዲሁ ወደ መሬት።

ባለቤቴ ከመደቡ ቀና አለ። «እምየ፣ ለእንግዳ ግርድ ሰጥተሽ ቢሆን እኔው ራሴ እቆጣሽ ነበር» አላቸው።

እግሩ ይተርፋል ወይ ብዬ ሰውዬውን ጠየቅሁት። በዚያ ሁሉ ጊዜ እርግጥ ያለ መልስ ያገኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የጠቆረው አይመለስም፣ ነገ ወደ ላሊበላ ከዚያም ወደ ደሴ ይወሰድ፣ ከበላዩ ያለውን እንዲያተርፉለት አለኝ። የኔም ጣቶች ይነዝሩኝ እንደነበር ነግሬው እኛ ሁለታችን ለምን ቆምን፣ እሱ ለምን ወደቀ ስለው፣ አላውቅም አለ። ከሱም በኋላ የጠየቅሁት ሁሉ አላውቅም ነው ያለኝ።

ሊሄድ ሲል ለሌላ ምርመራ ከጎታው ትንሽ እህል ለመናቸው፣ አሁን ግን እንዳለ፣ ሳይነካ አላቸው። አማቴ ተነሥተው በሰፌድ ቀዱለት። ለመስጠት ሲዞሩ ጣታቸው ሳይታዘዝ ስናሩን መልቀም ጀመረ፤ አንድ አወጡ፣ ሁለት አወጡ።

«ተይው፣ እምየ» አላቸው ባለቤቴ።

እጃቸው ቆመ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና ሰፌዱን በሁለት እጃቸው ለሰውዬው ዘረጉለት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ» አሉት፣ «ሳይለቀም ነው።»